ልክ

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣
ከልክነሽ ልብስ ስፌት ቤት፣ መዝጊያው ግማሽ ተጋርዶ፣
አምስት ሆነን እንሰበሰባለን፣ ወረቀት በጉያችን፤
ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ቆጣሪ አንባቢ ነው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራችን፤
ቅዳሜ ግን ደራሲ ነን። በዱካ፣ በተሰነጠቀ በርጩማ፣
ሲንጀሯ ዝም ስትል የየራሳችን ድምፅ እስኪሰማ።

እኔ ያን ቀን ይዤ የመጣሁት የአባቴን ሙሾ ነው፤
«እንባዬ የሐምሌ ጎርፍ ነው፣ ልቤ ባዶ ቀፎ ነው»፤
ሰባት ሌሊት የደከምኩበት። ጨርሼ ቀና ስል፣
አጥናፉ ዓይኑን ሲጠርግ፣ ፋንቱ «ግሩም! ግሩም!» ስትል፣
መንገሻ «ይታተም» አለ። እሱ ሁሉን ይታተም ይላል፤
(ባለፈው የእድር ማስታወቂያ ባነብለት «ይታተም» ብሏል።)

ልክነሽ ግን መርፌ በከንፈሯ፣ ሜትሯ ባንገቷ ዞሮ፣
ዝም። ዝምታዋ ረዘመ፣ እንደ ክር ከጥቅሉ ተተርትሮ።
«አባትህ የታሉ?»
«ሞቷል እኮ» አልኩ።
«እሱንማ ሰማሁ። እዚህ ውስጥ የታሉ ነው ያልኩ።
ይሄ ጎርፍ የማንም ነው፤ ይሄ ቀፎ የሰፈሩ፤
ልካቸው አልተወሰደም፣ ይሰፋቸዋል ከዳር እስከ ዳሩ።
ኮት ነበራቸው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ወጣሁ።
አራት ኪሎ ድረስ ዳገቱን በልቤ ስሰድባት፣
«መርፌ ቀዳዳ ስታይ የኖረች፣ ልክ ነሽ ብሎ ማን ሰየማት?
ጨርቅ መስፋት ሌላ፣ ቃል መስፋት ሌላ» እያልኩ፣
«ሜክሲኮ ነህ?» ቢለኝ ረዳቱ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» አልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ።
በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ላይ፣ የሰው ቆጣሪ ሳነብ፣
ኮት ተሰጥቶ አየሁ ገመድ ላይ፣ ውሃው ሲንጠባጠብ፤
ያኔ መጣ። ቡናማው፣ ለገሀር ቲኬት ሲቆርጥ የሚለብሰው፣
ሦስተኛው ቁልፍ በሰማያዊ ክር፣ በገዛ እጁ የተከለው፤
ቡናማ ክር ቢጠፋበት፣ «ማን ያያል?» ብሎ እየሳቀ።
እኔ አይ ነበር፣ ልጅነቴን ሙሉ፤ ከግጥሜ ግን ያ ክር ወደቀ።

ተመለስኩ። በሩ ላይ ሳቅማማ «ግባ» አለች፣ ሳትገረም፤
«ዛሬ የኔ ተራ ነው።» እጇ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም።
አንዲት እናት ለልጇ ዩኒፎርም ታሰፋለች፤
ግማሽ ከፍላ፣ «ለመስከረም» ብላ፣ በዚያው ትቀራለች።
ልብሱ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል... ዓይናችን ወደ ግድግዳው መጣ፤
ነበር፤ አረንጓዴ፤ በመስኮቱ በኩል ትከሻው ብቻ የገረጣ።
ከዚያ መዝጊያው፦ «ሕይወትም እንዲህ ናት፣ ሰፍተን ያልለበስናት።»
አጥናፉ ዓይኑን ጠረገላት፤ መንገሻ «ይታተም» አላት።

እሷ ወደኔ ዞረች።
ተበቀል አለኝ የጋለው ጆሮዬ፤ አወድስ አለኝ ፈሪው ሆዴ፤
ሁለቱም የሚያወሩት ስለኔ ነው፤ ዩኒፎርሙን አላዩትም አንዴ።
«ግሩም ነው» አልኩ፤ ፈሪው ቀድሞ። «እሺ» አለች፣ ደብተሩን ዘጋችው፤
ሱሪ እየጠበበው «ልኬ ነው» ለሚል ደንበኛ የምትለውን «እሺ» ነው ያለችው።

«ቆይ» አልኩ። ላብ አጠመቀኝ። «የመጨረሻዋ መስመር...»
«ምን ሆነች?»
«ሕይወትን አትጥሪያት። ዩኒፎርሙ ራሱ ይናገር።
ደግሞ የእናትየዋን ነጠላ፣ ጥለቱን ሦስቴ ነገርሽን፤
አንዴ ይበቃ ነበር፤ ስትደጋግሚው አላመንሽን።»

ሜትሯን ካንገቷ አውርዳ በጣቷ ጠቀለለች።
«ጥለቱን እተዋለሁ። ሕይወትን ግን አልቆርጣትም» አለች፤
«ለዚች መስመር ነው አስራ አንድ ዓመት ያንን ልብስ ያላወረድኩት፤
ልክ ልትሆን ትችላለህ። እኔ ግን እዚህ ጋ ትርፍ ተውኩት።

ኮቱስ?»
አወጣሁ። አራት መስመር፤ ከዚያ ሁሉ ጎርፍ የተረፈ።
የሲንጀሩን መዘውር ይዛ ሰማች፤ መንገሻ እንኳ «ይታተም»ን አሳለፈ።
«ክሩ ታየኝ» አለች፤ «ሦስተኛው መስመር ግን ብብቱ ጋ ይይዛል።»
«የቱ ጋ?» አልኩ፤ በርጩማዬን ሳብኩ። ጆሮዬ አሁንም ይግላል።