ዋጋው ያልተቆረጠ ቀሚስ

የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ከዳቦ ፋብሪካው ወጥቼ በጠዋት፣
አውቶብስ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸች ድንገት።
«ልሳኑ እባላለሁ። ፎቶ ያነሳል አሉኝ፤ እውነት ነው?
ቅዳሜ ሠርጌ ነው። እህ... ዋጋው ስንት ነው?»

ሌሎቹን ጠይቋል፤
ሦስት ሺህ ያለው አለ፣ አልበሙን ሳይጨምር፣
አንዱማ ድሮን አለኝ ብሎታል፣ ከሰማይ የሚዞር።
«ሰማዩ ይቅርብኝ» አለኝ፤ «ከመሬት ሲጀምር
ስንት ነው?»
ሳቅኩኝ።
«ሁለት መቶ አርባ፣ ለሁለት ሰዓት» አልኩኝ።
ዝም አለ። ዝምታው ውስጥ ሲደምር ሲቀንስ ሰማሁት፤
የቤት ኪራዩን፣ የቀለበቱን ዕዳ፣ የክረምት ጎማውን አብሬው ቆጠርኩት።
«ሁለት መቶ አድርገው፤ ምሳ ከኛ ጋራ።»
«ይሁን» አልኩት፤ ለድሃ ሠርግ ድሃ ፎቶ አንሺ ነው የሚጠራ።
ካሜራዬም እንደ ኮቴ ሁለተኛ እጅ ነች፤
አንዱ አዝራሯ ወልቆ በፕላስተር የታሸገች።

ቅዳሜ።
ዊኒፔግ በጥር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ዘጠኝ።
ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚጠጥርበት ብርድ ዓይኔን ለበለበኝ።
ባትሪዋን በብብቴ እንደ ጫጩት አቅፌ
ከምታጋባቸው ሴትዮ ቤት ደረስኩ፣ በረዶ አራግፌ።
ፊርማው አሥር ደቂቃ።
ሁለት ሚዜ፣ የሴትዮዋ ድመት፣ አለቀ ታዳሚው።
የልሳኑ ኮት የወንድሙ ነው፣ እጅጌው ያጠረ፤
የስንቅነሽ ቀሚስ ግን አዲስ ነው፣ ከካርቶኑ የወጣ፣ እጥፋቱ ያልቀረ።
ስትዞር አየሁት፤ ከብብቷ ስር፣ በቀጭን ክር ታስሮ
የዋጋው ወረቀት ብቅ ይላል፣ ይገባል፣ እንደ ፈሪ ዶሮ።
«ሰኞ ይመለሳል» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
«እንዳይቆሽሽ ብቻ። ይመልሱልኛል ሙሉውን ዋጋ።»

ውጭ ሞከርን ጥቂት፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ሳቋ ተሰበረ፣
ሽፋሽፍቷ ላይ እንባዋ ሳይወርድ በረዶ ሆኖ ቀረ።
«የማያስከፍል ሙቀት አውቃለሁ» አልኳቸው፤ «ኑ፣ በአውቶብስ እንሂድ።»
ሹፌሩ ትኬት አልጠየቀም፤ ለሙሽራዋ ሲል፣ ወይ ለዚያ ሁሉ ብርድ።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከትልቁ መስኮት ስር።
ከዶላር መደብር የገዛሁት ነጭ ካርቶን አለኝ፣ ብርሃን የሚመልስ፣
ከመስታወቱ ተቀብሎ ጉንጯ ላይ የሚያፈስስ።
ጥበቃዋ መጣች፤ ደረቷ ላይ ስሟ ማሪሴል ይላል፤
«ፎቶ በፈቃድ ነው» አለች፣ «ፈቃዱም ይከፈልበታል።»
ከዚያ ወረቀቱን አየችው፣ ከብብት ስር ሲወዛወዝ፤
ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጋ ካርቶኔን ተቀበለችኝ፣ ልትይዝ።

ባትሪዋ ልትሞት ነው፤ የቀረኝ ምናልባት አምስት፣ ምናልባት አሥር።
«እጅህን ወገቧ ላይ» አልኩት፤ እጁ ግን ሄደ ወረቀቱን ሊሸፍን፣ ከብብቷ ስር።
ኮረኮራት፤ ሳቀች ጮክ ብላ፣ ጸጥታው ተሰነጠቀ፤
አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን አወረደ፣ አየን፣ እሱም ሳቀ።
ቀጭ።
ካሜራዬም ዓይኗን ከደነች፤ ባትሪዋ አለቀ።

ማታ በኮምፒውተር ወረቀቱን ከየፎቶው ፋቅኩት፤
ክሩን ለቀምኩ፣ ጥላውን ሳይቀር አጠፋሁት።
ውለታ መስሎኝ፣ ያለ ክፍያ፣ ሌሊቱን ገፋሁት።

ሰኞ ደወለች፤ ቀሚሱን መልሳ፣ ገንዘቧን ተቀብላ።
«ፎቶው ያምራል» አለች፤ ቆየችና ጥቂት፣ ቃሏን አብስላ፦
«ወረቀቴስ? እጁ እኮ እሱን ሊሸፍን ነው የመጣ፤
አሁን ባዶ ይሸፍናል፤ ሳቄም ከየት እንደወጣ
አይታወቅ።
ቀሚሱን መለስኩ፣ እሺ። ዋጋዬን ግን አንተ ለምን ፋቅከው?
መልስልኝ፤ ከዚያ ቀሚስ የኔ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው።»

መለስኩት። ክሩንም፣ ጥላውንም፣ ትንሿን ቁጥር፤
ዋጋው እንዳልተቆረጠ እዚያው ይወዛወዝ፣ ይኑር።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤
ምሳ ላይ፣ ከሚዜዋ ቤት፣ ወጡ ቀሚሷን እንዳይነካ
የቆሻሻ ፕላስቲክ ቀዳ፣ አንገቷን አሾልካ
እስከ ጉልበቷ ለብሳ ተቀመጠች፤ ሙሽራ በጥቁር ካባ።
ሲያጎርሳት የፈሰሰው ወጥ ጥልፍ ሆነላት፣ ቀይ አበባ።
እጄ ወደ ካሜራዬ ሄደ፤ ባትሪዋ ትዝ አለኝ፤ ቀረ።
ያንን እንኳ በነጻ ባነሳሁ ነበረ።