የጥጥ ሚዛን

ዛሬም ተነሣ ያ የማያልቅ ሙግት፣
ከዋርካው ጥላ ሥር፣ ከዓሣው ጉልት።
ታንኳው ገብቷል፤ ደንገሉ ውኃ ያንጠባጥባል፤
አንሙት የቀረሶ ሆድ ይዘረግፋል፤
በቢላው ጫፍ ደግሞ ስም ይደረድራል፦

«አንደኛ ጓንጉል ነው፣ የምድር ጦሩ፤
ሁለተኛ በዳሶ፣ የድሬው፣ የባቡሩ፤
ሦስተኛም አለ፤ አራተኛም አለ፤
የኛ ምንይችልማ፣ ስድስተኛ፣ ካለ!»

ባጃጁን አቁሞ ስማቸው ደረሰ፤
ገና ሳይቀመጥ ነገሩን ጎረሰ፦

«ስድስተኛ? ምንይችል? አንተ ዓሣ በላ፣
ሰው መዝነህ ታውቃለህ፣ ከአምባዛ ሌላ?
የሚችለው ጠፍቶ ያኔ በፋብሪካ፣
በጥጡ ሚዛን ላይ አይደል የተለካ?
ጫማ አውልቆ ቢቆም፣ መርፌው ተንቀጥቅጦ፣
መቶ ላይ አረፈ፣ ዘጠናን አቋርጦ።»

«መመዘን ተመዘነ፤ ማንን ግን ጣለ?
ስንት ቀን ነው እሱ ሪንግ ላይ የዋለ?
ሰባት ግጥሚያ! ሰባት! በአሥራ አንድ ዓመት፤
እኔም ከዚያ በላይ ተማትቻለሁ፣ ሠርግ ቤት።»

«አቻ ከየት ይምጣ?» አለ ስማቸው በቁጣ፣
«ቀላል ሚዛንማ ሞልቷል እንደ አንበጣ፤
ከባዱን ግን ወልዶ ማን አብልቶ ያሳድጋል?
ጓንጉል ቀን ይቆርጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ያመዋል።
ይኼ ግን ጨረጨራ ጎህ ሳይቀድ ደርሶ፣
ታንኳ ሽቅብ ቀዘፈ፣ የዓባይን ጉልበት ጥሶ።»

«ቢሆንም...»
«ምኑ ነው ቢሆንም?»
«ፍጻሜው ላይ፣ በነጥብ፣ ተሸንፎ የለ?»

ዝም ተባለ።
ሁለቱም ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤
ቶሎ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ዓሣው መለሱ።

ያን ማታ ዳኛው እጁን ያነሣለት ሰው እኔ ነኝ።
ዋንጫው እቤት አለ፤ አንድ ጆሮው ተሰብሯል፣
የልጅ ልጄ እርሳስ ታኖርበታለች።

ሁለተኛው ዙር ላይ ግራው መጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ።
ከጎድኔ ሥር ገባ፣ እንደ ባለቤት፣ ሳያንኳኳ።
ሦስተኛው ላይ ቅንድቤ ተከፈተ፤
ዓይኔን ደም ሞላው፣ አዳራሹ ከነጩኸቱ ጠፋ፤
ጥርሴን ነክሼ ቀኙን ስጠብቅ፣ ቀኙ ሳይመጣ ቀረ።
«አያይም እኮ» ሲል ሰማሁት፣ ለዳኛው፣ በቀስታ።
«ቀጥል!» አለው ዳኛው።
አልቀጠለም።
ዞረኝ፤ ዞረኝ፤
ልጅ ወደ ጉድጓድ እንዳይገባ እንደሚከላከል ሰው፣
እጁን ዘርግቶ ዞረኝ፣ ደወሉ እስኪደወል።
እኔ አየሩን ስማታ ሁለቴ ትከሻውን ነካሁት።
ሁለቱም ተቆጠሩልኝ።

ማግስቱን ወደ ጥጡ ተመለሰ።
መንገድ ላይ ስንገናኝ «ዓይንህ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ዓይኔ በድኖ በሁለት ሳምንት።
ባለፈው ጥቅምት ስንቀብረው
ሣጥኑን ለስምንት ተሸክመን፣
ሁለቴ አሳርፈን ነው የደረስነው።

«በል እንጂ፣ አንተ ቀምሰኸዋል» አለኝ አንሙት፣
ቢላውን በሱሪው እየጠረገ፣ «ስንተኛ ነው?»

አፌን ከፈትኩ።
የከፈትኩት ለመናገር ነበር፤ ይህን እግዜር ያውቃል።
«ግራው ጥሩ ነበር» አልኩ።

«ይኸው! ጥሩ! ጥሩ ብቻ!» አንሙት ጮኸ፤
ስማቸው አንገቱን ሰበረ፤
አንዲት አምባዛ ከሚዛኑ ላይ ሸርተት አለች፤
ምንይችል ሰባተኛ ሆነ።

ጎኔን ጠቅ አደረገኝ። ከሰማይ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው።
«ሊዘንብ ነው» አልኳቸው።
«ሰማዩ እንዲህ ጥርት ብሎ? ደቅ ድረስ እየታየ?»
ሳቁብኝ።

ዓሣዬን በጋዜጣ አስጠቅልዬ ተነሣሁ።
ጊዮርጊስ ሳልደርስ ያዘኝ።