የሀብሻን ዲን

ደላላው «ሀብሻን ነው» ሲል ሳቄ መጣብኝ፣
የሐበሻ አገር እንጂ በረሃ አልመሰለኝ።
በሌሊት ደረስን፤ ከአሸዋው መሀል
ብረት ያበቀለው እሳት ይንቦለቦላል።

ጠዋት ኩርያን መጣ፣ የኬራላው አለቃ፣
ደረቴ ላይ ሰካ አንዲት ትንሽ ዕቃ፦
«ይቺ ከጮኸች ሩጥ፤ ነፋሱን እይበት፣
ወደሚሄድበት አይደል፣ ወደመጣበት።
መጀመሪያ ይሸታል፣ እንደ ከረመ እንቁላል፣
ሲበዛ ግን አፍንጫ ይደክማል፣ ይተኛል።
ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ አይደለም፣
ያኔ ነው የሚገድል፤ ሌላ ምልክት የለም።»

ማማው ሆዱ ደርብ ነው፣ ሳህን በሳህን ላይ፤
ጋዙ ከታች ይወጣል፣ ፈሳሽ ይወርዳል ከላይ።
ፈሳሹን «አሚን» ይሉታል። እኔም ለራሴ ሳቅሁ፤
ልመና ከምድር ሲወጣ፣ አሚን ሲወርድ አየሁ።
እኛ ዘንድ ሼሁ ይመርቃል፣ አሚን ባዩ ሕዝብ ነው፤
እዚህ ለማኙ ከታች፣ አሚን ባዩ ላይ ነው።

ተቃቅፈው ሲተላለፉ መርዙን ይወስድለታል፤
ጋዙ ነጽቶ በቧንቧው ወደ ከተማ ይሄዳል።
አሚን ግን ተሸክሞ ወደ እሳቱ ይወርዳል፣
ያፈሉታል፤ የያዘውን እያቃሰተ ይለቃል፣
ይቀዘቅዛል። ደግሞ ወደ ላይ ይላካል።
«ስንት ጊዜ?» ብዬ ጠየቅሁ። ኩርያን ማማውን አየ፤
«እስኪያረጅ፣ አረፋ እስኪደፍቅ» አለና ትቶኝ ተለየ።

መርዙስ? ሲሶው ይነድዳል፣ ሁለት እጁ ይጠብቃል፤
ኋላ ሲቀላቀሉ ወርቅ መሳይ ይንጠባጠባል።
ወርቁን አገኘሁ ብለህ ብትነካው ሰሙ ያቃጥላል።

ሳልሚን፣ ከሱር የመጣው፣ ፍሬውን ስንጭን ባቡር ዳር፣
«በናንተ ምን ይሉታል?» አለኝ፣ ሊጫወት ከኔ ጋር።
«ዲን» አልኩት። አካፋው ቆመ። «ዲንማ ሃይማኖት ነው!»
«እሱንም ዲን እንላለን፤ ይኼ ግን የሚነድደው።»
«ሁለቱም ይነድዳሉ» አለ፣ ሳቁን በጓንቱ ሸፈነው።

የደጋኑ ይመር ግን ለሳቅ አልታደለም፤
ሐሙስ ጉድጓድ ሊጠርግ ወርዶ «ሽታው አሁን የለም፣
አየሩ ጥሩ ነው» አለ፤ በሬዲዮ ነው የሰማነው።
ከዚያ ዕቃዋ ጮኸች። ሳልሚን ነው ጎትቶ ያወጣው።
ተረፈ። ግን ሽቶ ይሁን ሽንኩርት አፍንጫው ዛሬም አይለይ፤
ሳሙና ይዞ ይቆማል፣ ገልብጦ ገልብጦ ሲያይ።

እኔ ጤነኛ ነኝ። ክሊኒኩ ማኅተም መትቶልኛል።
ፓስፖርቴ የአለቆች ካዝና ከገባ ሰባተኛ ዓመቱ፤
ድሮ ይከነክነኝ ነበር፣ አሁን አልሸት አለኝ ክርፋቱ።
ልጄ በስልክ «ማን ልበል?» ስትለኝ ሳቅሁ፣ አላመመኝም።
ስምንት ሆነን የምንተኛበት ክፍል አይከረፋኝም።

ዛሬ ሌሊት ባቡሩ ዲኑን ጭኖ
ወደ ሩወይስ ሲያዘግም፣
አየሩን ስቤ ስቤ አሸተትሁ፤
ምንም የለም። ምንም።
ደረቴ ላይ ያለችው ዕቃ
ዝም ብላለች፤ ለዚህ አትጮኽም።

ቀና ብዬ የነፋሱን ከረጢት ፈለግሁ፤ ተነፍቶ
ወደ ምሥራቅ ይጠቁማል፣ አፉን ወደ ምዕራብ ከፍቶ።
ጎንበስ አልኩ፣
የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ።