መጥረጊያዬ ነክቷል

ብራንደን ላይ፣ ማኒቶባ፣ ብርዱ ጥርስ ባለው አገር፣
የከርሊንግ ሜዳ እጠብቃለሁ፤ ሥራዬ ብዙ የለውም ነገር፦
ማታ በረዶው ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ጠዋት እልገዋለሁ፣ ሸካራውን ሳልተው ላንዳፍታ።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ሃያ ኪሎ ድንጋይ፣ እጀታው እንደ ማንቆርቆሪያ፣
ይንሸራተታል፤ ሁለት ሰው ፊት ፊቱን ይፈትጋል በመጥረጊያ።
ዒላማው ክብ ነው፣ “ቤት” ይሉታል፤
እንደ ግጥም ሁሉ፣ ቤት የመታ ይጨበጨብለታል።
ዳኛ አለ ቢባልም፣ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፤
መጥረጊያህ ድንጋዩን ቢነካ፣ ክስህን ያንተው እጅ ይጽፋል።

የካቲት፣ ቅዳሜ ማታ፤ የተማሪዎች ፍጻሜ፤
ሦስተኛው መስመር ላይ፣ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ።
አንድ ድንጋይ ቀርቷል። ጆሊን ድሪጀር፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣
ትፈትጋለች ጎንበስ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ባለ በሌለ ጉልበቷ።
ያኔ የመጥረጊያዋ ጠርዝ ድንጋዩን ላስ አርጎት አለፈ።
የዝንብ ክንፍ ከዚያ ይከብዳል። ድንጋዩም አልተደናቀፈ፤
ሄዶ ቤት መታ። አዳራሹ በጩኸት ጎረፈ።
ዋንጫው የእነሱ ነው።
ጆሊን ግን እጇን አነሣች።
“መጥረጊያዬ ነክቷል” አለች።

የራሴን ልናገር። ያን መስመር እኔም አውቀዋለሁ፤
ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሠራተኞች ውድድር፣ እንዲሁ ነክቻለሁ፤
እጄን ግን ኪሴ ከተትሁት።
ዋንጫው መስታወት ሣጥን ውስጥ አለ፣ በየሳምንቱ አቧራውን የማራግፍለት።
የቀራጩ ነገር! “አንዳርጌ” ብዬ ብነግረው፣ “አንድሪው” ብሎ ጽፎት፤
ስሙም የእኔ አይደለም፣
ድሉም።

የተጋጣሚዋ አምበል፣ ዳርሲ ኮስቲዩክ፣ ምን ያደረገች ይመስላችኋል?
“ይቅር፣ ባለበት ይሁን” ብትል፣ ሕጉ ይፈቅድላታል፤
አላለችም። “ስለነገርሽን እናመሰግናለን” ብላ፣
ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው፤ አሸነፈች። ማን ይወቅሳታል ኋላ?
እሷም የመጣችው ልታሸንፍ ነው።

በወጉ መሠረት አሸናፊ ተሸናፊን ይጋብዛል፤
ትኩስ ቸኮላት መጣ፤ የጆሊን ኩባያ ላይ ክሬሙ ይቀልጣል።
አንዷ እናት ትከሻዋን ነካ አርጋ፣ “ዛሬ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ” አለቻት።
ጆሊን ቀና ብላ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ “አይደለም፤ ተሸንፌያለሁ” አለቻት።
“ማሸነፍ ነበር የፈለግሁት።”

ይህን ቃል ይዤ መብራት አጠፋሁ፤
እስከ ዛሬም በዚያው ነው የምከራከረው፣ ከራሴ ጋራ የተጣላሁ፦
ድሉን አጥብቆ ያልፈለገማ፣
እጁን ቢያነሣ ምን ይከብደዋል?

ሌሊት በረዶውን ስልግ፣ ድንጋዩ የቆመባት ላይ ሲደርስ ማሽኔ፣
ዘልያት አለፍሁ። ለምን እንደሁ እንጃ፣ እኔ።
እሑድ ጠዋት፣ የጡረተኞች ጨዋታ፤ አንዱ ድንጋይ እዚያ ሲደርስ ተወላገደ።
“ይህን በረዶ ማነው ያበላሸው?” ሽማግሌው ሁሉ አበደ።
“ቧንቧው ይሆናል” አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ሊሸፍንልኝ ወደደ።

እጄን ከኪሴ አወጣሁ።