ግማሽ ሰዓት ውሃ

ከኦማን ተራሮች ከአንዱ ግርጌ፣ ሌሊት፣
ኸልፋን ይቀመጣል ሰማይ ሊያነብባት።
የእጅ ሰዓት አለው፣ ልጁ የላከለት፤
ከኪሱ አያወጣም፣ ለውሃ አያምነውም፤
ዓይኑን ከጥርሳሙ ተራራ አይነቅልም።
አንዷ ኮከብ ወርዳ ጥርሱን ስትነካ
“ዙወይና!” ይላል፤ የሷ ድርሻ ተለካ።

እሷም ዶማዋን ይዛ ትነሣለች፤
የጭቃውን መዝጊያ በእግሯ ትገፋለች፤
ውሃው “እሺ” ብሎ ወደ ግራ ይዞራል።
ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ባሏ ሲሞት የተዋት፤
ለሦስት ተምር፣ ለአንድ ሎሚ የሚሆናት።
አሰር ይሉታል ያንን ግማሽ ሰዓት፤
አሻራ መሰለኝ፣ ያለፈ ሰው ምልክት።
ቦዩን ፈለጅ ይሉታል፤ እኔ ፈለግ ሰማሁ፤
ወንዝም ነው፣ ዱካም ነው፤ ፈልጎ ማጣትም እንዳለበት ኋላ አየሁ።

ከተራራው ሆድ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚያልፍበት ጨለማ፣
ውሃው ይመጣል ሲያጉረመርም፣ ሲስቅ፣ ሰው ሲያማ።
መጀመሪያ ሰው ይጠጣል፤ ከዚያ መስጊዱ ይታጠባል፤
ከዚያ የሙት ማጠቢያው፤ ከዚያ ተምሩ፤ ከተረፈ ሽንኩርት ያገኛል።
ይህን ማንም አልጻፈው። ውሃው ራሱ ያውቀዋል።

ሐሙድ ከላይ፣ ከፈለጉ ራስ አጠገብ፣ መሬት ገዛ ባንድ ክረምት፤
ናፍጣ የሚጠጣ ፓምፕ ተከለ፤ ውሃ ፎከረ ባንድ ሌሊት።
ሐብሐብ ዘራ።
እንዴት ያለ ሐብሐብ! ሁለት ሰው የሚሸከመው፤
ሙስካት ድረስ ተጫነ፤ ገንዘቡ ተመልሶ ቤቱን ኖራ ቀባው።
“ውሃው ከመሬቴ ሥር ነው፣ መሬቱም የኔ” አለ።
ማን ይከራከረዋል? ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጁ አለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚያ ግን ሲሄድ ማንንም አላሳቀ፤
ዝም ብሎ ቀጠነ፣ ዝም ብሎ ራቀ።

ኮከቧ በሰዓቷ ወረደች፣ ዙወይናም በሰዓቷ ተነሣች፤
ውሃው ሦስተኛዋ ተምር ጋ ሳይደርስ ሌላ ኮከብ ተተካች።
“ኸልፋን አረጀ፤ ኮከብ ይስታል” አሉ።
“ሰማዩ ሙሉ ነው” አለ እሱ፤ “ከታች እዩ የጎደለ ካለ።”
የልጅ ልጁን በገመድ አስሮ በመተንፈሻው ጉድጓድ ሰደደ፤
ልጁ ከታች ጮኸ፦ “አባባ፣ እርጥቡ መስመር አንድ ክንድ ወረደ!”

የሐሙድ እናት ሱረያ፣ ስሟ የከዋክብት ስም ነው፣
ኸልፋን በየሌሊቱ ሲወርዱ ከሚጠብቃቸው።
ቤቷ ከፈለጉ ጭራ፣ ውሃ ደክሞ ከሚደርስበት፤
አንዲት ተምር አላት፣ ሐሙድ ሲወለድ የተከለችለት።
“እኔ ቤት ግቢ” ቢላት፣ “ይቺን ማን ያጠጣታል?” ያለች።
መጀመሪያ የጠወለገች እሷዋ ነበረች።

አንድ ሌሊት “ዙወይና!” አለ ኸልፋን፤ ኮከቧ ነክታለች።
ተነሣች፤ መዝጊያዋን ግን አልከፈተች፤
ግማሽ ሰዓቷን ሙሉ ወደ ታች ለቀቀችው፤
በራሷ ሎሚ ሥር ሲያልፍ፣ ዓይኗን ጨፍና አሳለፈችው።
ሐሙድ ናፍጣ ሊቀዳ ወርዶ ነበር፣ በእጁ ጀሪካን፤
ፋኖስ አየ፤ ሴት አየ፣ አጎንብሳ ስትመልስ ውሃውን
ወደ እናቱ ተምር።
አንዳቸውም አልተነፈሱ። ምን ይነገር?
ውሃው ብቻ ነበር የሚናገር፣
ቀጭን፣ እንደ ክር።

በማግስቱ መሸና መንደሩ አንድ ነገር ጎደለበት፤
ሁለት ዓመት የለመደው ድምድምታ ጠፋበት።
ፓምፑ ዝም አለ። ሦስት ሌሊት። አራት።
ሐብሐቡ እንደተኛ ቀረ፤ ፍየል ገባበት።
ነገ ያስነሣው ይሆን? አላውቅም፤ ዕዳ አለበት፤
ወረቀቱ አልተቀደደ፣ ቁልፉም አልጠፋበት።

ውሃ ቂም አይዝም፤ ግን አይቸኩልም፤
እንደ አሄዳዱ ፈጥኖ አይመለስም።
በአሥረኛው ሌሊት ኸልፋን ጣቱን ከቦዩ ነከረ፤
ትናንት እስከ ጥፍሩ ነበር፤ ዛሬ እስከ አንጓው ቀዘቀዘው።
ለማንም አልነገረ።
አንገቱን ቀና አደረገ።
ሱረያ ጥርሱን ነካች።
“ዙወይና!” አለ።