የሚታጠፍ ነገር

ጥር ነው፤ ተንደር ቤይ፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣
በረዶው የሱቁን ደረጃ ሸፍኖ፣
ራይሞ ከመስታወት ሥር አራት ሰንጢ አውጥቶ
ደረደረልኝ ባረንጓዴ ጨርቅ፣ መብራቱን አብርቶ።
«ለምን ሥራ?» አለኝ። «ለዓሣ ነው» አልኩት።
የሌባ ጣቱ ጫፍ የለም፤ አይቼ እንዳላየ አለፍኩት።

አንደኛው ቁልፍ የለውም፤ ሞላ ናት ያለችው፣
ስለቱን ከጀርባው ገፍታ የምታቃናው፤
ጫን ካሉት ይታጠፋል፣ እንደ ለመደ በር።
«ይሄ» አለ ራይሞ፣ «ቃል አልገባም ነበር፤
ያልገባውን ቃል ደግሞ ምኑን ያጥፈዋል?»
ብሎ እጀታውን ዳበሰው፤ ቀንዱ ሰው ለምዷል።

ሁለተኛው ጀርባው አሞሌ ብረት፣ ጫፉ ጥርስ ያለው፣
ስለቱ ሲቃና ከጎድጓዳው ነክሶ የሚይዘው።
ቀጭ! ይላል፣ ልክ እንደ ድሮ ሳጥን፤
ለማጠፍ ሁለት እጅ ይሻል፣ ትንሽም መታገሥን።
በዚህ ብርድ፣ በጓንት፣ የደነዘዘ አውራ ጣት
ጀርባውን ፈልጎ እስኪጫን ይፈጃል ስንት ሰዓት!

ሦስተኛው፣ ከእጀታው ግድግዳ ስስ ምላስ ይወጣል፣
ከስለቱ ተረከዝ ሥር ገብቶ ይወተፋል፤
በአንድ እጅ ተከፍቶ በአንድ እጅ ይዘጋል።
ለቸኮለ ሰው ነው። ሲዘጋ ግን አውራ ጣት
እስለቱ መንገድ ላይ ነው፣ ለአንዲት ቅጽበት።

አራተኛው አግዳሚ አለው፣ እንደ በር መቀርቀሪያ፣
ለግራኝም ለቀኝም እኩል መወርወሪያ፤
ዋጋው የወር አስቤዛ ነው። የሚገፉት ሞላዎች ግን
ፀጉር ያካክላሉ። «አንዷ ብትበጠስ» አልኩት፣ «እንደምን?»
«በሁለተኛዋ ያነክሳል።»
«ሁለቱም ቢሄዱስ?»
ትከሻውን ሰበቀ።
ልቤ ወደ አራተኛው ሄዳ፣ ኪሴን አይታ ተመለሰች።

የያንዳንዱን ጀርባ በእንጨቱ ጠርዝ መታ፣
ቀስ አርጎ፣ ሐኪም ጉልበት እንደሚመታ፤
ባለቁልፎቹ ጸኑ፣ ያ ቁልፍ አልባው ተረታ።

«ጣትህን የበላው እሱ ነው?» አልኩት።
ሳቀ።
«እሱማ የአባቴ ነው። ሃምሳ ዓመት አብሮኝ ኖሯል።
ስለማላምነው ዓይኔን ከሱ አንሥቼ አላውቅም።
የበላኝ ባለጥርሱ ነው።
ኪሴ ውስጥ የሱፍ ብናኝ ነበር፣ የዳቦ ፍርፋሪ፤
ጎድጓዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ ጥርሱ በቅጡ አልነከሰም።
ቀጭ አለ፤ ሰማሁ እንጂ አላየሁም።
ገመድ ስቆርጥ ታጠፈ።
መጀመሪያ ጓንቴ ውስጥ ሞቀኝ። ደስ አለኝ እንኳ።»

ልነግረው ፈለግሁ፣ በኛ ቋንቋ ስለት ሁለት መሆኑን፤
ተሳለ ስንል ወይ ሞረድ ነው ወይ ደጀ ሰላም፤
ካላደረሱት ደግሞ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው አይምርም።
ቃልንም እንደ ሰንጢ አጠፈው እንላለን።
እንግሊዝኛዬ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤
የቀረውን በእጄ አሳየሁት፣
መዳፌን ከፍቼ፣ አጥፌ።
ገባው መሰለኝ።
«እኛ ፊንላንዶች» አለ፣ «ቃሉን በላ ነው የምንል።»
«እሱም አለን» አልኩት።

ባለጥርሱን ገዛሁ።
ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።
ከመሳቢያው አንድ የጥርስ ስንጥር አውጥቶ ጨመረልኝ፣ በነጻ፣
«ለጥርሱ» ብሎ።

ቅዳሜ ሐይቁ ላይ፣ ከቆፈርኩት ቀዳዳ ዳር ተንበርክኬ፣
ከፈትኩት፣ ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አውልቄ።
ቀጭ አለ።
ዓሣው በረዶው ላይ ይፈራገጣል።
ይጠብቅ።
ጎድጓዳውን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ነው።