የክሩ ጫፍ

«ከማስ ወንዝ ዳር ያለችው፣ ከነደወል ቤቷ፣
ከነድልድይ እግሯ፣ ከነእስር ቤቷ፣
ከዚህ ሆድ ነው የወጣች፤ ይህ ጨለማ እናቷ»
አለን ኔሊስ፣ ፋኖሱን እየለኮሰ፤
አስራ አንዳችንን ቆጥሮ በሩን መለሰ።

ድንጋዩ እዚህ እያለ ጥፍር ይፍቀዋል፤
ወጥቶ ፀሐይ ሲያየው፣ ፀሐይ ያጠነክረዋል።
ከራሳችን በላይ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ
ጣሪያ ላይ ተጣብቋል፤ ማን ይዞት መጣ?
የዘንዶ መንጋጋም በመጋዛቸው ስር
ሲወጣ ያዩ ሰዎች ያማትቡ ነበር።

«እስቲ ስሙ» ብሎ ድንገት ፋኖሱን አጠፋ።
ጨለማው ጆሮዬ ገባ፤ እጄ ከእጄ ጠፋ።
አንድ ጠብታ ውሃ፣ ሩቅ፣ ከዘመን በፊት
የጀመረውን ነገር ይላል፣ አንዲት፣ አንዲት።

በዚያው ጨለማ ውስጥ ኔሊስ ቀጠለ።

«አራት መነኮሳት በክር እየተመሩ
ገቡ፤ ክሩ ተበጠሰ፤ እዚያው ውስጥ ቀሩ።
ሌላው አስጎብኚ እዚህ ላይ ያበቃል።
የኛ ቤት ግን ክሩን ከሌላው ያውቃል።

አልተበጠሰም ክሩ። ጫፉ ተይዞ ነበር፣
በስድስት ዓመት ልጅ እጅ፣ እዚሁ፣ በዚህ በር።
ዊናንድ ይባላል፤ የቅድመ አያቴ ቅድመ አያት።
‹እስክንወጣ እንዳትለቅ› ብለው ነው ያስያዙት።
የቼሪ ጋሪ አለፈ። ሰኔ ነው። ልጅ ነው።
አንድ እፍኝ ፍሬ አየ፤ ክሩን ለቀቀው።
ከንፈሩ ቀልቶ ተመልሶ ክሩን ሳበ።
እሺ ብሎ መጣ ክሩ፤ እግሩን ከበበ።

አደገና መጋዝ ያዘ፤ አርባ ዓመት ቆረጠ፤
ሌላው ለቤት፣ እሱ ለሰው፣ ተራራ ፈለጠ።
ማታ ጓዶቹ ድንጋያቸውን በከሰል ሲደምሩ፣
እሱ የሚጽፈው ሌላ ነው። እዩት፣ ያው ዳሩ።»

ክብሪቱ ጫረ። ፋኖሱን ከፍ አደረገ።
ዛሬም የሉም።
ዛሬም የሉም።
ዛሬም የሉም። ዛሬም —
ጣሪያው ድረስ፣ ከዚያም ማዕዘኑን ዞሮ፣
ብርሃኑ እስከማይደርስበት።

«እውነት ነው?» አለች አንዲት ልጅ።
«እኔ እንጃ» አለ። «ቼሪ ግን
እኛ ቤት አይበላም።»

ስንመለስ ኮቴያችን ከኋላ ሲያስተጋባ
ማንም ዞሮ አላየም፤ ማንም አልተግባባ።
ከተማ የሚያህል ባዶ ነው፣ የኛ ዙሪያ ሁሉ፤
ድንጋዩ ሄዷል፤ የቀሩት ቀርተው ያሉ።

ብርሃን ታየ፤ ወጣን። እሱ በሩ ላይ ቆመ።
ትከሻችንን እየነካ ቆጠረ፤ ደገመ።
አስራ አንድ። ሞላን።
ቁልፉ በእጁ ነው፤ አልዘጋም።
ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣
አራት ቁጥር ያህል ጠበቀ፤
ከዚያ በሩን መለሰ።